18,446,744,073,709,551,615፦ ስለዚህ ቁጥር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ቁጥር ምንድን ነው? እንዴትስ ይነበባል?

ስልሳ አራት ሁለቶች ተደርድረው እርስ በርሳቸው ሲባዙ ከሚገኘው ውጤት በአንድ የሚያንስ ቁጥር ነው፤ በአጭሩ 2⁶⁴ − 1 ተብሎ ይጻፋል። ሃያ አሃዞች ያሉት ሲሆን አሥራ ስምንት ኩዊንቲሊዮን፣ አራት መቶ አርባ ስድስት ኳድሪሊዮን፣ ሰባት መቶ አርባ አራት ትሪሊዮን፣ ሰባ ሦስት ቢሊዮን፣ ሰባት መቶ ዘጠኝ ሚሊዮን፣ አምስት መቶ ሃምሳ አንድ ሺህ፣ ስድስት መቶ አሥራ አምስት ተብሎ ይነበባል።

በተለመደው አጻጻፍ ሲታይ ምንም ሥርዓት ያለው አይመስልም። በሁለትዮሽ አጻጻፍ፣ ማለትም 0 እና 1 ብቻ በሚገለገለው ሥርዓት ሲጻፍ ግን ስልሳ አራት አንዶች በተርታ የቆሙበት፣ አንድም ዜሮ የማይገኝበት ቁጥር ነው። 999 ከ1,000 በአንድ አንሶ ሁሉም ቦታው በመጨረሻው አሃዝ እንደተሞላ ሁሉ፣ ይህም ቁጥር ስልሳ አራቱ የሁለትዮሽ ቦታዎች በሙሉ የተሞሉበት ነው። ከዚህ በታች የሚነሱት ባሕርያት ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚፈልቁት ከዚህ አንድ እውነታ ነው።

ከቼዝ ጨዋታ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የቼዝ ገበታ 64 ቤቶች አሉት። በመጀመሪያው ቤት 1 የስንዴ ቅንጣት፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4፣ በአራተኛው 8 እያልን በየቤቱ እጥፍ እያደረግን ብንሄድ፣ በገበታው ላይ ያለው የቅንጣት ድምር ልክ ይህ ቁጥር ይሆናል። በአፈ ታሪኩ መሠረት ሲሳ የተባለ ጠቢብ ንጉሡን ለሽልማት የጠየቀው ይህን ስንዴ ነበር፤ ታሪኩን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢብን ኻሊካን መዝግቦታል። ከእርሱ ቀድሞ፣ በ1000 ዓ.ም. ገደማ፣ አል-ቢሩኒ ድምሩን እስከ መጨረሻው አሃዝ በትክክል አስልቶ ጽፎት ነበር።

ድምሩን ለማግኘት ስልሳ አራት ቁጥሮችን መደመር አያስፈልግም። እያንዳንዱ ቤት ከእርሱ በፊት ያሉት ቤቶች ሁሉ በአንድነት ከያዙት በአንድ የሚበልጥ ቅንጣት ይይዛል፦ 1 እና 2 ተደምረው 3 ሲሆኑ ቀጣዩ ቤት 4 ነው፤ 1፣ 2 እና 4 ተደምረው 7 ሲሆኑ ቀጣዩ 8 ነው። እንግዲህ የ64ቱ ቤቶች ድምር፣ ስልሳ አምስተኛ ቤት ቢኖር ኖሮ ይይዘው ከነበረው 2⁶⁴ በአንድ ያንሳል ማለት ነው።

በእጅ ሊሰላ ይችላል?

አዎን፤ ያውም በስድስት ማባዛት ብቻ። ከ2 ተነሥቶ እያንዳንዱን ውጤት በራሱ ማባዛት ነው፦ 4፣ 16፣ 256፣ 65,536፣ 4,294,967,296፣ በመጨረሻም 18,446,744,073,709,551,616። ከዚህ ላይ 1 ሲቀነስ ቁጥራችን ይገኛል። አል-ቢሩኒም የተጠቀመው ይህንኑ በራስ የማባዛት መንገድ ነው። የመጨረሻው ማባዛት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ነገር ግን አንድ ወረቀት ይበቃዋል።

ያ ሁሉ ስንዴ በእርግጥ ምን ያህል ይሆናል?

አንድ የስንዴ ቅንጣት 50 ሚሊግራም ገደማ ይመዝናል ብንል፣ ጠቅላላው ክብደት ወደ 920 ቢሊዮን ቶን ይጠጋል። ዓለም በአሁኑ ጊዜ በአንድ ዓመት የሚያመርተው ስንዴ 800 ሚሊዮን ቶን አካባቢ ስለሆነ፣ ይህን ለመሙላት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የሚሰበሰብ የመላው ዓለም ምርት ያስፈልጋል።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን የገበታው ሁለት ግማሾች ልዩነት ነው። የመጀመሪያዎቹ 32 ቤቶች በድምሩ 4,294,967,295 ቅንጣቶች ይይዛሉ፤ ይህም 215 ቶን ያህል ነው፤ አንድ ንጉሥ ሳይቸገር ሊሰጠው የሚችል መጠን። የቀሩት 32 ቤቶች ግን ከዚህ ከአራት ቢሊዮን ጊዜ በላይ ይበልጣሉ። በእጥፍ የሚያድግ ነገር እስከ አጋማሹ ድረስ ምንም የማያስፈራ ሆኖ መቆየት ይችላል።

በሃኖይ ግንብ እንቆቅልሽ ውስጥም የሚመጣው ለምንድን ነው?

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኤዱዋር ሉካስ በ1883 ባወጣው በዚህ እንቆቅልሽ ሦስት ዘንጎች አሉ፤ በአንደኛው ላይ መጠናቸው የተለያየ ዲስኮች ከትልቅ ወደ ትንሽ ተደራርበዋል። በአንድ ጊዜ አንድ ዲስክ ብቻ እያነሱ፣ ትልቅ ዲስክ በትንሽ ላይ ሳያስቀምጡ፣ ክምሩን ወደ ሌላ ዘንግ ማዛወር ይጠበቃል። ከእንቆቅልሹ ጋር በወጣው ተረት ውስጥ ዲስኮቹ 64 ሲሆኑ፣ የሚያዛውሯቸው ካህናት ሥራቸውን ሲጨርሱ ዓለም ያልፋል ይባላል።

የታችኛውን ትልቅ ዲስክ ለማንሣት በላዩ ያሉት 63 ዲስኮች አስቀድመው ሌላ ዘንግ ላይ መሰብሰብ አለባቸው፤ ከዚያ ትልቁ አንድ ጊዜ ይዛወራል፤ በመጨረሻም 63ቱ እንደገና በላዩ ይደረደራሉ። ስለዚህ አንድ ዲስክ በተጨመረ ቁጥር የሚያስፈልገው እርምጃ እጥፍና አንድ ይሆናል፦ 1፣ 3፣ 7፣ 15፣ 31 እያለ ይሄዳል፤ ለ64 ዲስኮችም ከ2⁶⁴ − 1 ያነሰ እርምጃ አይበቃም። በየሰከንዱ አንድ እርምጃ ቢደረግ ከ584 ቢሊዮን ዓመት በላይ ይወስዳል፤ ይህም ከጠፈረ ዓለሙ ዕድሜ፣ ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት፣ አርባ ሁለት ጊዜ ያህል ይበልጣል።

ሁለቱ ታሪኮች የሚገናኙት በድምራቸው ብቻ አይደለም። ትልቁ ዲስክ 1 ጊዜ፣ ቀጣዩ 2 ጊዜ፣ ሦስተኛው 4 ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ትንሹ ዲስክም 9,223,372,036,854,775,808 ጊዜ፣ ማለትም በመጨረሻው የቼዝ ቤት ያለውን ቅንጣት ያህል ይንቀሳቀሳል። እያንዳንዱ ዲስክ በገበታው ላይ የራሱ ቤት አለው ማለት ነው።

ፕሮግራሜ ላይ ይህ ቁጥር በድንገት ብቅ የሚለው ለምንድን ነው?

በዘመናዊ ኮምፒውተር አንድ ሙሉ ቁጥር ብዙ ጊዜ በ64 ቢት ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ቢት 0 ወይም 1 ነው። ቦታው አሉታዊ ቁጥሮችን የማይቀበል ከሆነ ሊይዘው የሚችለው ትልቁ ቁጥር ሁሉም ቢቶች 1 የሆኑበት ነው፤ እርሱም ይኸው ቁጥር ነው። በላዩ 1 ሲጨመር ሁሉም ቢቶች ወደ 0 ይመለሳሉ። በተቃራኒው ደግሞ ከ0 ላይ 1 ሲቀነስ ይህ ቁጥር ይገኛል፤ ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሳያስቡት የሚያገኙትም በዚህ መንገድ ነው። አሉታዊ ቁጥር በሚቀበል ቦታ ላይ እነዚሁ ስልሳ አራት አንዶች −1 ተብለው ስለሚነበቡ፣ የዓይነት ለውጥ ሲደረግ −1 ወደዚህ ግዙፍ ቁጥር ይለወጣል።

መጠኑ ግን ለተግባር የሚበቃ ነው። በ64 ቢት ቦታ ላይ ናኖሰከንዶችን የሚቆጥር ሰዓት ሞልቶ ወደ ዜሮ የሚመለሰው ከ584 ዓመት በኋላ ነው። ይህ 584 ከሃኖይ ግንብ 584 ቢሊዮን ጋር የሚመሳሰለው ናኖሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ስለሆነ ነው።

አንዳንድ ፕሮግራሞች 18446744073709552000 ብለው የሚያሳዩት ተሳስተው ነው?

ተሳስተው ሳይሆን ቁጥሩን በሌላ ዓይነት ቦታ ስላስቀመጡት ነው። የአስርዮሽ ነጥብ ላላቸው ቁጥሮች የተለመደው የ64 ቢት አቀማመጥ ለቁጥሩ አሃዞች የሚመድበው 52 ቢት ብቻ ሲሆን (ሁልጊዜ 1 የሆነው የመጀመሪያው ቢት ሳይጻፍ ስለሚታሰብ 53 ይሆናሉ) የቀረውን ለመጠኑና ለምልክቱ ያውለዋል። በዚህ ምክንያት ከ9,007,199,254,740,992 ማለትም ከ2⁵³ በላይ ሁሉንም ሙሉ ቁጥሮች ለይቶ መያዝ አይችልም፤ በእኛ ቁጥር አካባቢ፣ ከ2⁶⁴ በታች፣ በሚያዙት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት 2,048 ይደርሳል። ቁጥራችን ከ2⁶⁴ በአንድ ብቻ ስለሚርቅ ወደ 2⁶⁴ ይጠጋጋል፤ ሲታተምም የመጨረሻዎቹ አሃዞች በዜሮ ይተካሉ። ትክክለኛው ዋጋ የሚያስፈልገው ሰው ለሙሉ ቁጥር የተዘጋጀ ዓይነት መጠቀም አለበት።

ከአሃዞቹ መካከል 2 አለመኖሩ ትርጉም አለው?

የለውም። ከ0 እስከ 9 ካሉት አሃዞች የጎደለው 2 ብቻ መሆኑ፣ ቁጥሩም ከ2 የተሠራ መሆኑ ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን በአሥር መሠረት መጻፋችን ያመጣው አጋጣሚ ነው። የአሃዞቹ ድምር 87 መሆኑ ግን አንድ ነገር ይነግረናል፦ 87 ለ3 ይካፈላል፣ ለ9 ግን አይካፈልም፤ ቁጥሩም እንዲሁ ነው።

ብቸኛ ቁጥር ነው?

አይደለም። ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ነው፤ ይህ ግን በ5 ስለሚያልቅ ለ5 እንደሚካፈል በግልጽ ይታያል። ሙሉ በሙሉ ሲበተን የሰባት የተለያዩ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ነው፦ 3 × 5 × 17 × 257 × 641 × 65,537 × 6,700,417። አንዳቸውም ስለማይደገሙ፣ እያንዳንዱን በመውሰድ ወይም በመተው የሚገኙት አካፋዮቹ በጠቅላላው 128 ናቸው።

እንዲህ ግዙፍ ቁጥር ያለ ኮምፒውተር እንዴት ሊበተን ቻለ?

አንድን ቁጥር በራሱ አባዝተን 1 ብንቀንስ፣ የሚገኘው ውጤት ከቁጥሩ በአንድ የሚያንሰውና በአንድ የሚበልጠው ቁጥር ብዜት ነው፤ ለምሳሌ 16 × 16 − 1 እና 15 × 17 ሁለቱም 255 ናቸው። 2⁶⁴ የተገኘው ስድስት ጊዜ በራስ በማባዛት ስለሆነ፣ ይህን ሕግ ስድስት ጊዜ ወደ ኋላ መተግበር ይቻላል። ውጤቱ 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 × 4,294,967,297 ነው፤ እያንዳንዳቸውም በተከታታይ ከሚመጡት 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65,536 እና 4,294,967,296 በአንድ የሚበልጡ ናቸው። እነዚህ የፌርማ ቁጥሮች ይባላሉ።

ፒየር ደ ፌርማ በ1640 በጻፋቸው ደብዳቤዎች እንዲህ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ እንደሚያምን ገልጾ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ በእርግጥ ብቸኛ ናቸው። ስድስተኛው፣ 4,294,967,297፣ ግን 641 × 6,700,417 መሆኑን ሌዎንሃርድ ኦይለር በ1732 አሳየ። በዚህ ቁጥር ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የላቀው ነጥብ ይህ ይመስለኛል፤ ሥርዓቱ የሚሰበርበት ቦታ ልክ 2⁶⁴ − 1 ላይ ስንደርስ ነውና። ከእርሱ በፊት ያለው 2³² − 1 የተሠራው ከፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ነው።

641ን እንዴት አገኘው? ለ641 መካፈሉንስ ያለ ረጅም ማካፈል ማረጋገጥ ይቻላል?

ኦይለር በዘፈቀደ አልፈለገም። 2³² + 1ን የሚያካፍል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ለ64 ሲካፈል 1 እንደሚተርፈው ማሳየት ይቻላል፤ ለዚህም የሚያገለግለው የፌርማ ትንሹ ቴዎረም የተሰኘው የሒሳብ ሕግ ነው። የፌርማን ግምት ያፈረሰው መሣሪያ ከራሱ ከፌርማ የመጣ መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ይህን ቅርጽ ያላቸው ብቸኛ ቁጥሮች በቅደም ተከተል 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው፤ ስለዚህ አምስተኛው ሙከራ ይሳካል።

ማረጋገጫው ደግሞ አጭርና ውብ ነው። 641 በሁለት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፦ 5 × 2⁷ + 1 እና 5⁴ + 2⁴። ከመጀመሪያው አጻጻፍ 5⁴ × 2²⁸ − 1 ለ641 እንደሚካፈል እናገኛለን፤ ምክንያቱም የማንኛውም ቁጥር አራተኛ ርቢ አንድ ተቀንሶለት ሁልጊዜ ቁጥሩ ራሱ አንድ ተጨምሮበት ለሚገኘው ይካፈላል። ከሁለተኛው አጻጻፍ ደግሞ 641ን በ2²⁸ ስናባዛ 5⁴ × 2²⁸ + 2³² እናገኛለን። ሁለቱም ለ641 ስለሚካፈሉ ልዩነታቸውም ይካፈላል፤ ልዩነታቸውም 2³² + 1 ነው።

በዙሪያው ያሉት ቁጥሮችስ?

በአንድ የሚበልጠው 2⁶⁴ ከ2 በቀር ሌላ ብቸኛ አካፋይ የለውም። በሁለት የሚበልጠው 18,446,744,073,709,551,617 ቀጣዩ የፌርማ ቁጥር ነው፤ እርሱም ብቸኛ አይደለም፤ ፎርቱኔ ላንድሪ በ1880 ወደ 274,177 × 67,280,421,310,721 በትኖታል። ወደ ታች ስንወርድ ከ2⁶⁴ በታች ያለው ትልቁ ብቸኛ ቁጥር 18,446,744,073,709,551,557 ነው።

የቁጥራችንና በሁለት የሚበልጠው የፌርማ ቁጥር ልዩነት ይበልጥ ጥልቅ ነገር አለው። ቁጥራችን የስድስቱ የፌርማ ቁጥሮች ብዜት ነው፤ ሰባተኛው የፌርማ ቁጥር ከእርሱ በ2 ይበልጣል። ሁለቱን የሚያካፍል የጋራ ብቸኛ ቁጥር ቢኖር ልዩነታቸውን 2ንም ማካፈል ነበረበት፤ ሁለቱም ጎዶሎ ቁጥሮች ስለሆኑ ግን ይህ አይሆንም። ስለዚህ ሰባተኛው ከዚያ በፊት ያልታዩ ብቸኛ አካፋዮችን ማምጣት ግድ ይለዋል፤ ቀጣዩም እንዲሁ፣ ያለ ማቋረጥ። ክርስቲያን ጎልድባኽ በ1730 ለኦይለር በላከው ደብዳቤ ብቸኛ ቁጥሮች ማብቂያ እንደሌላቸው ያሳየው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን ያህል እኩል ጎኖች ያሉት ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ መሥራት ይቻላል?

በሐሳብ ደረጃም ቢሆን አይቻልም። ካርል ፍሪድሪሽ ጋውስ በ1796 ገና በ18 ዓመቱ 17 እኩል ጎኖችና ማዕዘኖች ያሉት ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል አረጋገጠ፤ በ1801 ደግሞ አጠቃላይ ሕጉን አሳተመ። የጎኖቹ ብዛት ጎዶሎ ከሆነ፣ ቅርጹ የሚሠራው ብዛቱ የተለያዩ የፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ሲሆን ብቻ ነው፤ «ሲሆን ብቻ» የሚለውን ክፍል በ1837 ፒየር ቫንትዜል አረጋግጧል።

እስከ ዛሬ የታወቁት የፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ብቻ ናቸው። የአምስቱ ብዜት 4,294,967,295፣ ማለትም 2³² − 1፣ ስለሆነ ሊሠሩ እንደሚችሉ ከሚታወቁት ጎዶሎ የጎን ብዛቶች ትልቁ እርሱ ነው። 2⁶⁴ − 1 ግን 641ን እና 6,700,417ን ስለያዘ ከዝርዝሩ ውጭ ይቀራል።

ከፓስካል ሦስት ማዕዘን ጋር ያለው ግንኙነት ምንድን ነው?

የፓስካል ሦስት ማዕዘን የሚጀምረው ከ1 ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቁጥር በላዩ ያሉት የሁለቱ ጎረቤቶቹ ድምር ነው። በውስጡ ያሉትን ጎዶሎ ቁጥሮች ሁሉ በ1፣ ተጋማሽ ቁጥሮችን በ0 ተክተን እያንዳንዱን ረድፍ እንደ ሁለትዮሽ ቁጥር ብናነብ 1፣ 3፣ 5፣ 15፣ 17፣ 51፣ 85፣ 255፣ 257 እያለ የሚሄድ ተርታ እናገኛለን። ስልሳ አራተኛው ረድፍ በሙሉ አንዶች የሞሉበት ነው፤ ይህም ቁጥራችን ነው።

ከዚህም በላይ፣ የመጀመሪያዎቹ 64 ረድፎች እያንዳንዳቸው የተለያዩ የፌርማ ቁጥሮች ብዜት ስለሆኑ ሁሉም ያለ ቀሪ ያካፍሉታል። ከ128ቱ አካፋዮች ልክ ግማሹ በዚህ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ተጽፈው ይገኛሉ። የቀሩት 64ቱ ከ641 እና ከ6,700,417 አንዱን ብቻ የያዙት ናቸው።

የካሬ ቁጥሮች ድምር ሆኖ ሊጻፍ ይችላል?

የአራት ካሬ ቁጥሮች ድምር ሆኖ ይጻፋል፤ ከአራት ባነሱ ግን በፍጹም አይቻልም። አንድ ሙሉ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል የሚተርፈው 0፣ 1 ወይም 4 ብቻ ነው። ከእነዚህ ሦስቱን እንዴትም ብንመርጥ ድምራቸው ለ8 ተካፍሎ 7 አይተርፍም፤ ቁጥራችን ግን ከ8 ብዜት በአንድ ስለሚያንስ የሚተርፈው 7 ነው። አራት ካሬዎች ለማንኛውም ቁጥር እንደሚበቁ ላግራንዥ በ1770 አረጋግጧል።

የሦስት ማዕዘን ቁጥርስ ነው?

የሦስት ማዕዘን ቁጥሮች የሚባሉት 1፣ 1 + 2፣ 1 + 2 + 3 እየተባለ የሚገኙት ናቸው፦ 1፣ 3፣ 6፣ 10፣ 15 እያሉ ይቀጥላሉ። ጥያቄው የሚነሣው 1፣ 3 እና 15 በሁለቱም ወገን ስለሚገኙ፣ ማለትም ሁሉም ቦታቸው በአንድ የተሞላ የሁለትዮሽ ቁጥሮች ስለሆኑ ነው። አንድ ቁጥር የሦስት ማዕዘን ቁጥር ከሆነ በ8 ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት ካሬ ቁጥር መስጠት አለበት። 2⁶⁴ − 1 በዚህ ፈተና የሚሰጠው 2⁶⁷ − 7 ነው።

የሁለት ርቢ 7 ተቀንሶለት ካሬ ቁጥር የሚሆነው መቼ ነው የሚለውን ጥያቄ ስሪኒቫሳ ራማኑጃን በ1913 አንሥቶ፣ ርቢው 3፣ 4፣ 5፣ 7 ወይም 15 ሲሆን ብቻ ነው ብሎ ገምቶ ነበር፤ ትሪግቬ ናጌል በ1948 ግምቱን አረጋገጠ። 67 ከእነዚህ አንዱ ስላልሆነ ቁጥራችን የሦስት ማዕዘን ቁጥር አይደለም። በአንዶች ብቻ ከሚጻፉት ቁጥሮች መካከል የሦስት ማዕዘን ቁጥር የሆኑት 1፣ 3፣ 15 እና 4,095 ብቻ ናቸው።